ጌጡ ልጁን ሲጠራ

«ያ ጩኸታሙ የወፍጮ ቤት ሰውዬ ዝም አለ እኮ። ትናንት ቀበርነው።»

ይህን የነገረኝ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ የቆቦ ልጅ። ደሴ ላይ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጎማ በብረት እየመታ ሲፈትሽ አገኘሁትና የአገር ቤት ወሬ ጠየቅኩት። መልሱን ጣል አድርጎልኝ ወደሚቀጥለው ጎማ ዞረ።  አያ ጌጡን ላክብረው ወይስ ልቀየመው ሳልወስን ሞተብኝ። ሾፌሩን ለምኜ በዚያው መኪና ጋቢና ገባሁ፤ ለሣልስቱ ለመድረስ ወደ ሰሜን ተሳፈርኩ። መርሳን አልፈን፣ ወልድያን አልፈን ወደ ጎብዬ ስንወርድ ዓይኔ ላይ የነበረው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

በደርግ ጊዜ ቆቦ የኖረ ሰው የአያ ጌጡን ድምፅ ያውቀዋል። ዕድሜውን ሁሉ የወፍጮ ሞተር ሥር ስለኖረ ጆሮው ደንቁሯል፤ ጆሮው ስለደነቆረ ደግሞ ዓለም ሁሉ የደነቆረ ይመስለዋል። እንደምን አደርክ ሲል ይጮሃል፤ ሲጸልይ ይጮሃል፤ ምስጢር ሲያወራ ከሁሉ የባሰ ይጮሃል። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ላይ የማይለቅ ዱቄት አለ። ሲስቅ ዱቄቱ ብን ይላል።

ወፍጮው የሱ አይደለም፤ ተቀጣሪ ነው። የሱ የነበረው የእግር ኳስ ቡድናችን ነው። ቡድኑን ጎልጎል ብለነዋል፤ የራያን ሜዳ ስም ሰጥተን። አሠልጣኙም፣ መሪውም፣ ዋሱም አያ ጌጡ ነው። ኳሱ በዱቤ ነው። ማሊያው በዱቤ ነው። ለግጥሚያ የሚወስደን መኪና ናፍጣ በዱቤ ነው። ከጨዋታ በኋላ የምንጠጣው ሻይ እንኳ በሱ ስም ይጻፋል። አበዳሪዎቹ ወፍጮ ቤት ሲመጡ ሞተሩን ያስጮኸውና ጆሮውን ያሳያቸዋል።

«ጌጡ፣ የሻዩ ነገርስ?» ይላል የሻይ ቤቱ ባለቤት።

«እ?»

«የሻዩ!»

«ጤፍ ነው ማሽላ?»

«አንተ ሰው፣ ዕዳ ሲሉህ ትደነቁራለህ፤ ኳስ ሲሉህ ትሰማለህ!»

«ኳስ? የት አለ ኳስ?» ይላል አያ ጌጡ፤ ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የሻይ ቤቱም ሰውዬ ስቆ ይመለሳል። ግን ሳቁ እያለቀ መጣ። ባለ ማሊያው ከሰሰ። ቀበሌው አያ ጌጡን ጠርቶ «ከፍለህ ካልጨረስክ ቡድኑ ይፈርሳል» አለው።

በዚያው በጋ መግቢያ የከተማው ነጋዴዎች ውድድር አዘጋጁ፤ ለአሸናፊው ወይፈን መደቡ። ወይፈኑ ቢሸጥ ዕዳችን ያልቃል። ችግሩ ግብ የሚያገባ ሰው የለንም። እኛ ኳስ ይዘን ግብ አጠገብ ስንደርስ የምንቆም ሰዎች ነን። አያ ጌጡ «እናንተ ቤት ደርሳችሁ በር የማታንኳኩ እንግዶች ናችሁ» ይለን ነበር።

የሚያንኳኳው ከድር ነበር። ከዋጃ ወዲህ ባለች መንደር ከእናቱ ጋር ይኖራል። አባቱ የለም። ከሲታ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ ኳስ ሲነካ ግን ግራ እግሩ የሌላ ሰው ይሆናል። የዋጃ ቡድንም ፈልጎታል። የዋጃዎቹ መሪ አቶ ኪሮስ የሚባል ጨው ነጋዴ ነው፤ ቤተሰቡ ከወዲያ ከትግራይ በኩል የመጣ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ገንዘብ የማያጣ።

እኔ የዚያን ጊዜ ለቡድኑ መዝፈኛ የምገጥም፣ ሲጎድልም የምሰለፍ ሥራ ፈት ነበርኩ። አያ ጌጡ ከድርን ሊያስፈርም ሲሄድ «አንተ ቃል ታውቃለህ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ልጁ ታደሰም አብሮን ነበር። ታደሰ የቡድናችን ተከላካይ ነው፤ አንድ ልጁ ነው። እንደ አባቱ ትከሻ ሰፊ፣ እንደ እናቱ ድምፁ ዝቅ ያለ።

ስንደርስ አቶ ኪሮስ ቀድሞናል። ጨርሶ ሊወጣ በቅሎውን ከአጥሩ ሥር ይፈታል። የከድር እናት እትዬ ዘይነባ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ የኪሮስን ስጦታ ታያለች፤ ሬዲዮ ነው። አያ ጌጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ካልሆነ ወፍጮ በነፃ እላታለሁ፤ እሱ እንዳይሰማ» አለኝ። በሹክሹክታ መሆኑ ነው።

«ሰምቻለሁ ጌጡ!» አለ አቶ ኪሮስ ከአጥሩ ማዶ። «ኣንታ፣ ወፍጮው ያንተ ነው እንዴ?»

«ደሞዜ የኔ ነው!»

እትዬ ዘይነባ ሬዲዮውን ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይኸ ግሪሳ ያባርራል?» አለች።

አቶ ኪሮስ የበቅሎውን ልጓም ማስተካከል ጀመረ።

«ማሽላዬ አሽቷል። ግሪሳው እንደ ደመና ነው የሚወርድብኝ። ልጄ ኳስ ሊያባርር ከሄደ ወፉን ማን ያባርርልኛል? ያንተ ሬዲዮ ማማ ላይ ወጥቶ ይጮሃል?»

«እኔ እጮሃለሁ!» አለ አያ ጌጡ።

ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ሳቋን ስትጨርስ ውሉን ተናገረች። ዕድሜ ልኳን እህሏ በነፃ ይፈጫል። ከድር በሚጫወትበት ቀን ከቡድኑ ሰው መጥቶ ማማዋ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች፤ ድምፅዋም ተለወጠ።

«ጌጡ፣ ጊዜውን ታውቀዋለህ። ገበያ የሄደ ልጅ ጦር ሜዳ ይገኛል። ያለሱ ማንም የለኝ። ራስህ መጥተህ ትወስደዋለህ፤ ራስህ በእጁ ይዘህ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እዚህ ደጃፍ ታደርስልኛለህ። ልጄን በእጄ። ወላሂ በል አልልህም፤ በምታምናት ማልልኝ።»

አያ ጌጡ ዱቄታም ቆቡን አወለቀ። «ማርያምን!» አለ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ ሰው የተጣላ መስሎት።

አቶ ኪሮስ በቅሎው ላይ ወጥቶ «ጌጡ፣ እኔ በሬዲዮ ልገዛው ነበር፤ አንተ በነፍስህ ገዛኸው» ብሎ ሄደ። ሬዲዮውን ግን አልረሳም፤ ይዞ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሰው ሲነገር ተረት ይመስላል። በግጥሚያ ቀን የማይሰለፍ ተጫዋች ሁሉ ወንጭፍ ይዞ የእትዬ ዘይነባ ማማ ላይ ይውላል። በረኛችን ከኳሱ ይልቅ ወፉን ይችልበት ነበር። ከሁላችን ግን ታደሰ ነው የወደደው። ግጥሚያ በሌለበት ቀንም እየሄደ ማማው ላይ ወጥቶ ሲያፏጭ ይውላል። እትዬ ዘይነባ ንፍሮ ታቀብለውና «አንተ ልጅ፣ ኳሱን ለአባትህ ተውለት፤ እዚሁ ቅርልኝ» ትለዋለች።

ከድር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግጥሚያዎች ብቻውን አሸነፈልን። እኔም ገጠምኩ፤ ሕዝቡም ተቀበለኝ፦

ወፍጮው ይፈጫል ማሽላና ጤፉን፣
ከድር ይፈጫል የዋጃን ሰልፉን።

ጨዋታው ሲያልቅ አያ ጌጡ ለደስታው ጊዜ የለውም። ፀሐይዋን አንጋጦ ያያትና ከድርን በእጁ ይዞ ይነዳዋል። የጎልማሳ እጅ በጎልማሳ እጅ ውስጥ፣ በአውራ ጎዳናው፣ በገበያተኛው መሐል።

«አያ ጌጡ፣ በናትህ እጄን ልቀቀኝ፤ ሴቶች ያዩኛል» ይላል ከድር።

«ይዩህ!» ይላል አያ ጌጡ፤ ያላየው ሁሉ ዞሮ ያያል።

የመጨረሻው ግጥሚያ ከዋጃ ጋር ነበር። ሜዳው ከከተማው ጫፍ ነው፤ በአንድ በኩል መንገዱ፣ በሌላ በኩል ወፍራም የበለስ አጥር። ወይፈኑ ከግቡ ጀርባ ታስሮ ያመሰኳል። ባለ ማሊያውም ባለ ናፍጣውም መጥተዋል፤ ቡድኑን ሳይሆን ወይፈኑን ነው የሚያዩት። ከዕረፍት በፊት ከድር አገባ። አያ ጌጡ መስመሩ ዳር እየሮጠ ዱቄት ያራግፋል።

ከዕረፍት በኋላ ሁለት የጭነት መኪና ከመንገዱ ታጥፎ መጣ።

«አፈሳ!» አለ አንድ ሰው።

ሜዳው በአንዴ ተበተነ። ተመልካቹ ሮጠ፣ ተጫዋቹ ሮጠ፣ ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ሮጠ። እኔና ታደሰ በለሱ ውስጥ ገባን። እሾኹ ፊታችንን ወጋን፤ ዝም አልን። በቅጠሉ መሐል አሻግሬ ሳይ አያ ጌጡ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ አሁንም ይጮሃል፦ «ከድር! ወደ ግራ! ወደ ግራ ውጣ!» አልሰማም። «አፈሳ» የሚለውን ቆቦ ሁሉ ሲሰማ እሱ አልሰማም። ከድር ደግሞ ኳስ ከያዘ ከዚያ ድምፅ በቀር ሌላ አይሰማም። አንገቱን ደፍቶ ኳሱን እየነዳ ወደ ግራ ወጣ። ከመኪናዎቹ የወረዱት ሚሊሺያዎች የቆሙት በግራ ነበር።

አያ ጌጡ ዞር ያለው ከድርን በክንዱ ይዘው ወደ መኪናው ሲጎትቱት ነው። ያኔ ፊቱ ላይ ያየሁትን ልገጥመው ሞክሬ አቃተኝ። ሮጦ ደረሰና መኪናው ላይ ወጣ። ወረወሩት። ደግሞ ወጣ። ደግሞ ወረወሩት። ኮታ ሊሞላ የመጣው ካድሬ ወጣት ነው፤ እስክሪብቶ ከኪሱ ጎልቶ ይታያል።

«ምን ሆነሃል ሰውዬ? ልጅህ ነው?»

«የሰው ነው! በመሐላ ያመጣሁት ነው! እኔን ውሰዱኝ!»

«አንተ እኮ ደንቆሮ ነህ። ተኩስ ሲባል በምን ትሰማለህ?»

ሚሊሺያዎቹ ሳቁ። አያ ጌጡ የካድሬውን ጫማ ያዘ። ካድሬው እግሩን ነጥቆ በአፉ ብቻ ሳይሆን በእጁም እያሳየ፣ አንድ ጣቱን ቀስሮ፣ «ቁጥር ነው የምፈልገው! ሰው በሰው! አንድ አምጣና አንዱን ውሰድ!» አለው።

አያ ጌጡ ፀሐይዋን አየ። ከዚያ ወደ በለሱ ዞረ።

ታደሰ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲደበቅ እዚያ በለስ ውስጥ ነው የሚደበቀው። ይህን የሚያውቅ አባቱ ብቻ ነው።

«ታደሰ!» አለ።

ሰው እንዲህ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ወይፈኑ እንኳ ማመስኳቱን አቆመ።

«ታደሰ! ና ልጄ!»

«አትውጣ!» አልኩት ክንዱን ይዤ። «አብደሃል? አትውጣ!»

«እሱ ጠርቶኝ አቤት ሳልል ቀርቼ አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና «እሾኹን እንዳታሸው፤ ይገባብሃል» አለኝ። «አቤት!» ብሎ ወጣ፤ አባቱ እንደማይሰማው እያወቀ።

ሜዳውን ቀስ ብሎ አቋረጠ። አያ ጌጡ በቀኝ እጁ ከድርን ከመኪናው አወረደ፤ በዚያው እጁ ታደሰን ደግፎ አወጣ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ታደሰ አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ሲንቀሳቀስ አያ ጌጡ አልተከተለውም። የከድርን እጅ ያዘና መንገድ ጀመረ።

እኔ በርቀት ተከተልኳቸው፤ እግሬ የት እንደሚሄድ ሳላውቅ። ከድር እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ይጎተታል። እትዬ ዘይነባ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል።

«ዛሬስ አስጨነቅከኝ!» አለች፤ ወተት በቅል ይዛለች። ለአያ ጌጡ ሰጠችው፤ ጠጣ። «ታደሰስ? ንፍሮውን አስቀምጬለታለሁ።»

«ሄደ» አለ አያ ጌጡ። ቀስ ብሎ። እሱን ካወቅኩት ጀምሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«የት ሄደ?»

ከድር መሬት ላይ ተቀምጦ ነገራት። እትዬ ዘይነባ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «ምን አደረግክ አንተ ሰው! ልጄን በእጄ አልኩህ እንጂ ልጅህን አልኩህ? መጥተህ ‹ወሰዱብኝ› ብትለኝ ምን አደርግህ ነበር? አልቅሼ እረግምህ ነበር! ይኸው ነበር!» እያለች ደረቱን በጡጫ ትመታዋለች። ዱቄቱ ብን ይላል። እሱ ቅሉን እንደያዘ ቆሟል።

ወይፈኑን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም። ቡድኑ ፈረሰ። አበዳሪዎቹ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወፍጮ ቤት ድርሽ አላሉም፤ የጠየቀውም የለም።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ሽማግሌዎቹ «ሰው ማለት እንዲህ ነው፤ አደራ አልበላም» ይላሉ። እህል ይዘው የሚሰለፉት ሴቶች «አረመኔ» ይላሉ፤ ፊቱ ላይ ይሉታል፣ አይሰማምና። እኔ ከሁለቱም ጋር እስማማለሁ፤ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ውስጤ አላርፍ ሲለኝ ልጠይቀው ሄድኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ ጮኾ አይጠየቅም፤ እሱን ሳይጮሁ መጠየቅ አይቻልም። ሞተሩ እስኪጠፋ ጠብቄ ጮኽኩ። ተራ የያዙት ሴቶች ሁሉ ዞሩ።

«አያ ጌጡ! ለምን ጠራኸው?»

የወፍጮውን አፍ በእጁ ጠረገ። «ከድር አደራ ነው» አለ። «ጮኼ ወደ ወጥመዱ የከተትኩት እኔ ነኝ። የሰው አደራ አስበልቼ በየት በኩል አልፋለሁ?»

«ታደሰስ?»

«ታደሰማ የኔ ነው።»

ሚስቱ እትዬ አስካል ምሳውን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። «የኔም ነበር» አለች። እሱ አልሰማም። እኛ ሁላችን ሰማን። ምሳውን ከእህል ጆንያው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እንደ ወትሮው በሚቀጥለውም ቀን አመጣችለት፤ በሚቀጥለውም። ሚስቱ ነበረች፤ ምሳውን አስቀርታበት አታውቅም። ቃል ግን ከዚያ ወዲያ አልጣለችለትም።

ከድር ኳስ ተወ። በሳምንት በሳምንት ከመንደሩ እንጨት ተሸክሞ እየመጣ እትዬ አስካል ደጃፍ ላይ ያራግፋል። ግባም ውጣም አትለውም። እሱ ያራግፋል፤ እሷ ታነሳለች። እትዬ ዘይነባ ማሽላዋን ስታስፈጭ ሳንቲሙን ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች፤ አያ ጌጡ አንስቶ ጆንያዋ ውስጥ ይመልሰዋል። ታደሰ አንድ ጊዜ ሰላምታ ላከ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ጦር በቆቦ በኩል በእግሩ ሲያልፍ ሰነበተ። ያበጠ እግር፣ የተቀደደ ካኪ፣ ውሃ የሚለምን አፍ። አያ ጌጡ ወፍጮውን ዘግቶ መንገድ ዳር ቆመ። ከድርን አጠገቡ አቆመው። ሰልፍ ባለፈ ቁጥር «ታደሰ! ታደሰ!» ይላል፤ ከዚያ ወደ ከድር ዞሮ አፍ አፉን ያያል። «አቤት ያለ አለ? አንተ ስማልኝ» ይለዋል። ከድር ራሱን ይወዘውዛል። አላፊዎቹ ሲያልቁ ወደ ወፍጮው ተመለሰ፤ እስኪሞት እዚያው ነበር።

ሣልስቱ ላይ ስደርስ ግቢው ሞልቷል። አልቃሿ ከጎብዬ የመጣች ናት። ቃሉን የማያጥፈው፣ አደራ የማይበላው እያለች ታወድሰዋለች፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እትዬ አስካል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሐል ቆማለች፤ እንባ የላትም። ድንገት እጇን አነሳች።

«ቆይ እስቲ እህቴ። እሱ ሞቶ ተቀብሯል፤ መቃብሩን አውቀዋለሁ፤ ሄጄ አለቅስለታለሁ። ለልጄ ግን አላለቀስኩም። መርዶ አልመጣልኝማ። ይኸን ያህል ሰው ደግሞ ሁለተኛ ደጄ አይሰበሰብም። ዛሬ ለታደሰ አልቅሱልኝ።»

ሕዝቡ ደነገጠ። አንድ ሽማግሌ ተነሱ። «አስካል፣ ተይ። መሞቱ ሳይታወቅ ማልቀስ ሟርት ነው።»

«ሟርቱ በኔ ይሁን አባቴ። ስጠብቅ እኔም ልሞት ነው።»

ገብታ ሸሚዙን ይዛ ወጣች። ሰማያዊ ነው፤ ታጥቦ ታጥፎ የኖረ። የወንድ ልጅ ልቅሶ ላይ ልብሱን ከፍ አድርጎ ይዞ የሚዞረው ወንድሙ ነው። ታደሰ ወንድም አልነበረውም። እትዬ አስካል ሸሚዙን ይዛ ወንዶቹን በዓይኗ አዳረሰች። ማንም አልተነሳም። እኔም አቀርቅሬ ነበር።

ከአጥሩ ሥር፣ እስላሞቹ ለቀስተኞች ከተቀመጡበት፣ ከድር ተነሳ። እናቱ ልብሱን ልትይዘው ስትል ተወችው። ሰው መንገድ ለቀቀለት። መጥቶ ፊቷ ቆመና ሁለት እጁን ዘረጋ። እትዬ አስካል አየችው። ሸሚዙን አልለቀቀችም፤ እሱም እጁን አላጠፈም። 

በኋላ ለቀቀችለት።

«ከፍ አድርገህ ያዘው» አለችው። «ሁሉም ይየው።»